የሰማያዊ አምፖል የመጀመሪያ ካሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀጭን ጎረምሳ ቤቴ ድረስ መጣ። ሬዲዮ ላይ ነው የሚሠራው። ስለ ክልላችን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አጀማመር ዝግጅት እያሰናዳሁ ነው አለኝና ማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ስልኩን መቅጃ አድርጎ ከፊቴ አኖረ፤ ከዚያ ያዘጋጀውን ጥያቄ አነበበልኝ። «እትዬ ሰዓዳ፣ የሰማያዊ አምፖል የመጀመሪያ አልበም በሐያሲያን ዘንድ ምን ዓይነት ተቀባይነት አገኘ?» ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ያሾፍኩበት መስሎት ደንገጥ አለ። እኔ ግን የሳቅሁት ሐያሲያን በምትለዋ ቃል ውስጥ እነማን እንደሚገቡ ሳስበው ነው። እናቴ ትገባለች፣ ባለ ካሴት ቤቱ ጋሽ መኩሪያ ይገባል፣ የባምባሲ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሼህ ሐሚድ። ለልጁ «ጥሩ ነበር፣ ሕዝቡ ወዶታል» ብዬ ሸኘሁት። ለሬዲዮ የሚሆን መልስ ይኸው ነው። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ።

ክልሉ ገና ክልል የሆነበት ሰሞን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን እንድነግራችሁ አትጠብቁ፤ እኔ ዘመን የምለካው በዋጋና በልብስ ነው። በአንድ ብር ዘንቢል ሙሉ ማንጎ የሚገዛበት፣ የሴት ጃኬት ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ የሚገባበት፣ ወንዶቹ ሱሪያቸውን እስከ እምብርታቸው ስበው ቀበቶ የሚያጠብቁበት ጊዜ ነበር። አሶሳ ውስጥ ሁሉ ነገር አዲስ ነው። ማኅተሙ አዲስ፣ ባንዲራው አዲስ፣ ጠረጴዛው አዲስ። ወንበሩ ብቻ ገና መንገድ ላይ ስለነበር መጀመሪያ ሰሞን የጽሕፈት መኪናዬን መስኮት ላይ አስደግፌ ቆሜ ነው የመታሁት። እኔ በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር በሠፈራ ከወሎ የመጣሁ ነኝ፤ አንድ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር እናቴ ሠፈሩን ሁሉ ዱዓ አስደርጋለች። ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል፤ መምህሩ ከጎጃም፣ ሒሳብ ሹሙ ከሸዋ፣ ነርሷ ከወለጋ። ሁሉም «ለጊዜው ነው» እያለ ይመጣና ማንጎ ይተክላል። ማንጎ የተከለ ሰው ደግሞ ፍሬውን ሳያይ አይሄድም፤ እንዲህ እንዲህ እያልን ነው የቀረነው።

መብራት የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነበር። ከከተማው ዳር ጄኔሬተሩ ጉርር ማለት ሲጀምር ልጁም አዋቂውም ወደ አውቶቡስ ተራው አቅጣጫ ይሳባል፤ ምክንያቱም እዚያ የጋሽ መኩሪያ ካሴት ቤት አለ። አሁን ቦታው ላይ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ናቸው ያሉት፤ ዘፈን በሚሞሪ ይጭናሉ፣ ባጃጁ በሩ ድረስ ይገባል፣ ማንም ለማንም ዘፈን ቆሞ አይሰማም። ያኔ ቆመን ነበር የምንሰማው። ጋሽ መኩሪያ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ በረንዳው ላይ አውጥቶ አንድ የአዲስ አበባ፣ አንድ የሱዳን፣ አንድ የአዲስ አበባ፣ አንድ የሱዳን እያፈራረቀ ይከፍታል። የሱዳኑ ሲመጣ ከወደ ድንበሩ የመጡት የሆሞሻ ልጆች ያፏጫሉ፣ የአዲስ አበባው ሲመጣ የመምህራኑ ጠረጴዛ ይሞቃል። ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ የሚመጣው ሽቶ፣ የተቆላ ለውዝና የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ እግሬ በራሱ ወደዚያ በረንዳ ሊሄድ ይፈልጋል።

ኢድሪስን ያወቅሁት እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ነጭ ጀለቢያ ላይ የጅንስ ጃኬት የሚደርብ፣ ቀጥ ያለ፣ ዝምተኛ የበርታ ልጅ። አንድ በጋ ሙሉ ወንዝ ወርዶ ወርቅ ሲያጥብ ከርሞ ባገኘው ከኩርሙክ ነጋዴዎች ኦርጋን ገዛ። ዛሬ ኪቦርድ የምትሉት ማለት ነው፤ ለእኛ ቁልፍ ያለው ነገር ሁሉ ኦርጋን ነበር። አንዷን ስትጫናት ከበሮ ትመታለች፣ ሌላዋን ስትጫናት ትሪትሪ እያለች ትዘንባለች፣ ሌላዋን ስትጫናት የሰው ልጅ ባፉ የማያወጣውን ድምፅ ታወጣለች። ኦርጋኗ ቤታችን የመጣች ዕለት እናቴ ሰማቻትና «ይቺ ልጅ ጂን አለባት፣ ጨርቅ አልብሷት» አለች። ከኢድሪስ ጎን ጉደታ ነበር፤ ወላጆቹ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የኖሩ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሐል ያደገ፣ ሳቂታ። ኦርጋኗ አንድ ስለነበረች ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ ጉደታ በስተግራ ወፍራሙን ድምፅና ከበሮውን ይይዛል፣ ኢድሪስ በስተቀኝ ቀጭኑን። አንዱ ካስነጠሰው ሌላው ይስታል። እኔ ቆሜ እዘፍናለሁ። የምንለማመደው ከካሴት ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ነበር፤ ጋሽ መኩሪያ ገበያ ላይ ሌላ አምፖል አጥቶ ሰማያዊ ሰቅሎባት ስለነበር ስማችን ከዚያ ወጣ።

ሰው ሁሉ ከኢድሪስ ጋር እንድንጋባ ይጠብቅ ነበር። አልተጋባንም፤ እሱ የሆሞሻ ልጅ አገባ፣ እኔ ሾፌር አገባሁ፣ ሁለታችንም አልተከፋንም። ግን የልቡን የሚነግረው ለእኔ ነበር፤ ልቡ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለው። አጎቱ ሼህ ሐሚድ። ኢድሪስ አባትና እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት የእናቱ ወንድም ናቸው፤ ከሆሞሻ ወዲህ ባለች መንደር የዙምባራ አለቃ ነበሩ። ዙምባራን ላላየ ሰው ልንገር። ከቀርከሃና ከቅል የሚሠሩ ረጃጅም መለከቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መለከት፣ አንድ ድምፅ። ወንዶቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ድምፃቸውን ይጥላሉ፤ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይነፋል፣ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው። ኢድሪስ ከነሱ መሐል ቦታ ነበረው። ኦርጋኗን ሲገዛ አጎቱ «በቁልፍ የሚጮህ ነገር ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት፤ እሱም ኦርጋኗን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሁለት አዝመራ አልፏል፣ አልተነጋገሩም። «ሰው ከሰልፉ ከወጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ የኔንም ሰጥተውታል» ይለኝ ነበር። ካሴት እንሥራ ብሎ የወጠረንም እሱ ነው። እኔ ታዋቂ መሆን ነው የፈለግሁት፣ ጉደታ ባምባሲ ያለችውን አንዲት ልጅ ማስደነቅ ነው የፈለገው። ኢድሪስ ግን የሚለው አንድ ነበር፤ «ኻሊ ይስማው ብቻ።» ኻሊ አጎቴ ማለት ነው።

የቀዳነው በጓሮዋ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ በሩን በጆንያ ጠቅጥቀን፣ መብራት እንደመጣ እየተሯሯጥን። ያለን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አንድ ነው፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። የማንጎ ወራት ስለነበር ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ይወድቃል። አንድ ዘፈን መሐል በጣም ልቤን ነክቶኝ ዓይኔን ጨፍኜ ስዘፍን ጣራው ላይ ድው አለ። ጉደታ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፣ ኢድሪስ ግን በዓይኑ ቀጥሉ አለን። እንደዚያ የማንጎው ድምፅ ካሴቱ ውስጥ ቀረ። «የሆሞሻ መንገድ» ያልናት ዘፈን ስትደርስ ደግሞ ኢድሪስ ጉደታን ከአግዳሚው አስነሣውና ብቻውን ተቀመጠ። ዙምባራን በኦርጋኗ ሊያስገባ ነው። መላ የአጎቱን ሰልፍ፣ እያንዳንዱን መለከት፣ በአሥር ጣቱ። ስንት ምሽት እንደፈጀበት አላስታውስም፤ የማስታውሰው ላቡ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ጉደታ በመሐረብ ሲያብስለት ነው።

ካሴቱ የታሰበው ዝናብ ሳይመጣ እንዲወጣ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ቅጂውን ሊያስባዛ አዲስ አበባ ወረደ፤ እዚያ ወረፋ ጠበቀ፣ ሲመለስ መንገዱ በጭቃ ተያዘ፣ ነጆ ላይ ቆመ፣ መንዲ ላይ ቆመ፣ በመጨረሻ ካርቶኖቹን ይዞ አሶሳ ሲገባ ሐምሌ ነበር። ሽፋኑ ላይ ሦስታችን አለን። እኔ ስፖንጃም ጃኬቴን ለብሼ አገጬን በእጄ ደግፌ፣ ጉደታ የጨለማ መነጽር አድርጎ፣ ኢድሪስ ካሜራውን ሳያይ። የዚያን ዕለት ምሽት ጋሽ መኩሪያ በሁለቱም ማጉያ ለቀቀው። የራሴን ድምፅ በረንዳው ላይ ስሰማ እጄን የማደርግበት አጣሁ።

እንግዲህ ትችቱ ከዚያ ጀመረ። እናቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችና «አብሽሪ ልጄ፣ ሲያልፍ ይረሳል» አለችኝ። ያዘንኩ መስሏት ነው። የቢሮ ኃላፊያችን ጠራኝና ስለ ልማት አንድም ዘፈን አለመኖሩን ታዝቦ፣ ለሚቀጥለው እንድናስብበት አሳሰበኝ። የጉደታ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መዝሙር ትቶ ዘፈን መያዙን ገሥጸው ለጥቂት ጊዜ ከመዘምራኑ አስቀመጡት፤ ከነሱ አንዱ ግን ከስብሰባው ወጥተው በጓሮ በኩል «እስቲ ያቺን ካሴት አንዷን አምጣ፣ ምን እንደሚል ልመርምረው» ብለውት ነበር። ጉደታ ይህን ሲያወራ «ኢጆሌ፣ እስከ ዛሬ እየመረመሩት ነው» እያለ ይስቃል። የጎጃሙ መምህር ደግሞ ከበሮው ልብ የለውም አለ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሚመታ ከበሮ ያልደከመው ሰው ነው፣ ያልደከመው ሰው ምን ዘፈን ያውቃል ብሎ ሞገተን። እውነቱን ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ መኩሪያ ከአዲስ አበባ በመጣ ዕቃ ላይ ተጠቅልሎ የነበረ ጋዜጣ አገኘ። እጥፋቱን ሲዘረጋው ስለ እኛ ተጽፏል። ጥቂት መስመር ነው፤ የሳሙና ሽታ ነበረው። ጸሐፊው ድምፃዊቷ በአፍንጫዋ ትዘፍናለች አለ። «የሆሞሻ መንገድ» ውስጥ የሚሰማው የመለከት ድምፅ የውጭ አገር ማሽን ውጤት ነው፣ ከአገር ባህል ጋር አይገናኝም አለ። ያመሰገነን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ባልተጠበቀ ቅጽበት የሚገባውን ብቸኛ የከበሮ ምት ደፋርና ዘመናዊ ብሎታል። ያቺ ማንጎዋ ናት። ጉደታ ሳቁን መግታት አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ስለ አፍንጫዬ አኩርፌ ሰነበትኩ። ኢድሪስ ግን ጋዜጣውን ደጋግሞ አነበበውና አጥፎ ለጋሽ መኩሪያ መለሰለት። «ከአገር ባህል ጋር አይገናኝም» የምትለዋ እንደገባችበት ከፊቱ አየሁ።

ካሴቱ ግን ይሸጣል። አውቶቡሶቹ ውስጥ ይዘፈናል፣ ሻይ ቤቶቹ ውስጥ ይዘፈናል፣ ባምባሲ ደርሷል፣ ማንኩሽ ደርሷል ይባላል። ኮንጎ ጫማዬን አድርጌ በጭቃው ሳልፍ ልጆች ዘፈኔን እያዜሙ ይከተሉኛል። እንደዚያ ተደስተን ሳለን ነው በገበያ ቀን ጥቂት የሆሞሻ ገበሬዎች ካሴት ቤቱ በር ላይ የቆሙት። ከመሐላቸው አንደኛው፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ጋሽ መኩሪያን በትሕትና ሰላም ብሎ «ይሄ ነገር አሁን አይከፈትም» አለው።

«ምኑ?»

«ዙምባራው። ማሽላ መሬት ውስጥ ነው፣ ገና አልወጣም። ዙምባራ አሁን ከነፋህ ማሽላ ይሰማል፣ አዝመራ ደረሰ ይላል፣ ፍሬ ሳይይዝ ይደርቃል። በዚህ ወር ማንም አይነፋም።»

ለካ በነሱ ዘንድ ዘር ከተዘራ ጀምሮ እህሉ እስኪሰበሰብ ዙምባራ አይነካም፤ መለከቶቹ ተጠቅልለው ጎተራ ውስጥ ይተኛሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጋሽ መኩሪያም አያውቅም። «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ማሽን ነው፤ ዙምባራ አይደለም» ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ሰውዬው ግን ትንሽ አሰበና «እኔ ነኝ አይደለም የምል? ሼህ ሐሚድ ይበል። እሱ አይደለም ካለ፣ ክፈት» ብሎ ሄደ።

ዞር ብዬ ኢድሪስን አየሁት። እሱ የመንደሩ ልጅ ነው፤ ክረምት ላይ ዙምባራ እንደማይነፋ ካርቶኖቹ ሐምሌ ላይ ሲራገፉ ያውቅ ነበር። ግን ትንፍሽ አላለም። ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ ካሴቱ በበጋ አጎቱ መንደር ቢደርስ ማንም አይጠይቅም፤ አሁን ግን ሼህ ሐሚድ መስማት ግድ ሆነባቸው። አውቆ ይሁን ፈርቶ ዝም ያለው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ጋሽ መኩሪያ ግን ትከሻውን ይዞ ለመነው። «አጎትህ አይደሉም እንዴ? ዙምባራ አይደለም የምትለዋን ቃል ብቻ ይበሉልን። አንዲት ቃል ናት፣ ካሴቱ ይድናል።» ጉደታም ለመነው፣ እኔም ለመንሁት። ኢድሪስ ሁላችንንም አየንና «ዙምባራ አይደለም ካለኝማ ምን ሠራሁ?» አለ።

ሼህ ሐሚድ ነገሩን ከገበሬዎቹ ሰምተው የመጡት በሚቀጥለው ገበያ ነው። ካፊያ ነበር። በአህያ ተቀምጠው፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ ኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች በእግር። ረጅም፣ ጥቁር፣ ጢማቸው ነጭ። በረንዳው ላይ ወጥተው ጃንጥላቸውን አጠፉና ጋሽ መኩሪያ ያቀረበላቸውን ወንበር በእጃቸው ገፉት፤ ዙምባራ ተቀምጦ አይሰማም። ኢድሪስ ከበረንዳው ወዲያ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ነበር። አላዩትም፣ ወይም እንዳላዩት ሆኑ። እኔን ግን አዩኝ።

«አንተ ነህ የሚዘፍነው?» አሉኝ። የሼህ አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁላችንም ለሳቸው «አንተ» ነበርን።

«አዎ፣ ሼህ።»

«ጠይብ፣ ጥሩ። ክፈት።»

ጋሽ መኩሪያ «የሆሞሻ መንገድ»ን ከፈተ። ገበያተኛው ሁሉ ዘንቢሉን እንደያዘ ቆመ። የእኔ ድምፅ መጣ፣ ሼህ ምንም አልመሰላቸውም። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ፤ መለከቶቹ አንድ በአንድ እየወደቁ ገቡ። ሼህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው ጃንጥላው እጀታ ላይ መታ መታ ማለት ጀመረች። ሲያልቅ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «መልስ» አሉ። ጋሽ መኩሪያ አጠነጠነ። ደግመው ሰሙ። እንደገና «መልስ» አሉ።

«ሼህ፣ ይህ እኮ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ ነው» አለ ጋሽ መኩሪያ። «ቀርከሃ የለው፣ ቅል የለው፣ ፕላስቲክ ነው።»

«ፕላስቲክ አየሁ፤ ዓይን አለኝ። አሁን ጆሮ ነው ሥራ ላይ። አንተ ዝም በል።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። ከሁለት አዝመራ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢድሪስን አናገሩት፤ በበርታ አፍ ነው፣ እኔም በርታ በገበያ ስለለመድሁ ተከታተልኳቸው።

«ትልቁን የሚነፋ ማነው?» አሉት።

«እኔ ነኝ።»

«ከሱ ቀጥሎ ያለውን፣ የአልሐሰንን?»

«እሱንም እኔ።»

«የሙሳን?»

«የሙሳንም እኔ ነኝ፣ ኻሊ።»

ሼህ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙሳ ይዘገያል። ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ማሽን አይዘገይም።»

«ካሴቱም ላይ ይዘገያል» አለ ኢድሪስ። «ሙሳን አዘግይቼዋለሁ። ይስሙት።»

ጋሽ መኩሪያ ሳይታዘዝ አጠነጠነ። አሁን እኛም ጆሯችንን ቀሰርን። እውነት ነው፤ ከነዚያ ሁሉ ድምፆች መሐል አንዷ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየተንጠራራች ትንሽ ዘግይታ ትገባለች። እኔ ያን ዘፈን መቶ ጊዜ ሰምቼ ስሕተት ይመስለኝ ነበር። ከሼህ ኋላ ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ሙሳ የሚባሉት እሳቸው ነበሩ። ሼህ ሐሚድ ግን አልሳቁም። ከንፈራቸው ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ለሁላችንም እንዲሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

«ዙምባራ ነው። ዝጋ። አዝመራ ሲገባ ትከፍታለህ። ኻላስ።» አህያቸው ላይ ሊወጡ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ጥሩ ዘፈነ። ግን ዙምባራ ሲናገር አንተ ላዩ ላይ ይናገራል። ነውር ነው።» ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ብዙ ሰው ድምፄን ተችቷል፣ ስለ አፍንጫዬ የጻፈው ጋዜጠኛም አለበት፤ የሼህ ትችት ግን ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባወጣነው ዘፈን ሁሉ መለከት ሲገባ አፌን እዘጋለሁ።

ጋሽ መኩሪያ ራሱን ይዞ ካርቶኖቹ ላይ ተቀመጠ። ጉደታ ኢድሪስ ያለቀሰ መስሎት ሊያጽናናው ወደ ዝናቡ ወጣ፤ ኢድሪስ በርግጥም እያለቀሰ ነበር፣ ግን ፊቱ ሁሉ ይስቅ ነበር። «ዙምባራ ነው አለ» እያለ የጉደታን እጅ ይንጣል። «ሰማህ? ነው አለ።» ከዚያኑ ዕለት ጀምሮ ራሱ እየዞረ ካሴቱን ከየሻይ ቤቱና ከየአውቶቡሱ ለቀመው፤ ሾፌሮቹን እየለመነ፣ የሆሞሻ ሰዎች ሲያዩት እየተደሰተ። ጋሽ መኩሪያ እስኪሞት ድረስ ይህን ሲያወራ «የራሱን ካሴት በፈገግታ ከገበያ የሚያወጣ ዘፋኝ ከሱ በቀር አላየሁም» ይል ነበር። ያን ክረምት ሰማያዊ አምፖል የሚባል ነገር አሶሳ ውስጥ አልተሰማም። ያን ዓመት ማሽላው እንዴት ነበር ካላችሁኝ፣ አምሮ ነበር፤ የሆሞሻ ሰዎች እስከ ዛሬ ምስጋናውን ለኢድሪስ ይሰጣሉ።

ኢድሪስ ግን ደስታው ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አጎቱ ዙምባራ ነው አሉ እንጂ ና አላሉትም። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። በገበያ ቀን ከሆሞሻ የሚመጡትን ሰዎች ዓይን ዓይናቸውን ያያል፣ መልእክት የሚያመጣ የለም። «ሥራዬን ወደደው፣ እኔን አልወደደኝም» አለኝ አንድ ቀን። ኅዳር መጨረሻ ላይ እነዚያ ሙሳ የተባሉት ሽማግሌ ለውዝ ሊሸጡ መጥተው «መለከቶቹ ዓርብ ይወጣሉ። ሼህ ማንም መምጣት ይችላል ብሏል» አሉን። ማንም የምትለዋ ቃል ኢድሪስን አስከፋችው። ቢሆንም ሄድን፤ ጉደታ፣ እኔና እሱ፣ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ኦርጋኗን ብርድ ልብስ አልብሰን።

መንደሩ ውስጥ ማሽላው ተቆርጦ ተከምሯል፣ ሜዳው ተጠርጓል። ሕፃናቱ ኦርጋኗን ከበው ያዩዋታል፤ ማንም ግን ክፈቷት አላለንም። የሼህ ባለቤት ውኃና የተቆላ ለውዝ ሰጡን፣ ኢድሪስን በሁለት እጃቸው ፊቱን ይዘው አዩትና ተመለሱ። ከዚያ መለከቶቹ ከጎተራው ወጡ። ወንዶቹ ተሰለፉ። ሼህ ሐሚድ ከፊት ቆመው ትንሿን መለከት ከፍ አደረጉ፣ ሰልፉም ጀመረ።

የሰማሁት ነገር አስደነገጠኝ። በካሴቱ ላይ ያለችው ያቺው ዜማ ናት፤ ግን ታነክሳለች። ስትመጣ ስትመጣ አንድ ቦታ ላይ ባዶ ትሆናለች፣ ደረጃ የጎደለው መሰላል ላይ እንደሚወጣ ሰው እግር ዘልላ ታልፋለች፣ ዞራ ስትመጣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ባዶ። ስሕተት ቢሆን በሁለተኛው ዙር ይስተካከል ነበር። ሰዎቹ ግን ባዶዋን እንደሚያውቋት ጠብቀው፣ አክብረው ያልፏታል። «ተሳስተው ነው?» አልኩት ኢድሪስን። ፊቱ አመድ መስሏል። ከንፈሩ በየዙሩ፣ ያቺ ባዶ ቦታ ስትደርስ፣ ያለ ድምፅ ትንቀሳቀሳለች።

ሰልፉን አየሁት። ከሙሳና ከሳቸው ቀጥሎ ካለው ሰው መሐል ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍተት ነበር፤ መሬቱ ላይ አንድ መለከት በጨርቅ ላይ ተኝቷል። አጠገቤ የነበሩት የሼህ ባለቤት ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። «ሁለት አዝመራ እንዲህ ነፉ። ሌላ ሰው እናስገባ አሉት፣ ሼህ እምቢ አለ። ቦታው ሰው አለው አለ።»

ኢድሪስ ጃኬቱን አውልቆ ለጉደታ ሰጠው። ሜዳውን አቋርጦ ሲሄድ ሼህ ሐሚድ ዞር ብለው አላዩትም፣ መንፋታቸውንም አላቆሙም። ሙሳ ብቻ ግማሽ እርምጃ ተጠጉለት። ጎንበስ ብሎ መለከቱን አነሣ፣ አቧራውን በጀለቢያው ጠረገ፣ አፉ ላይ አደረገ። የመጀመሪያው ዙር አለፈው፤ ትንፋሹ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ሰዎቹ አልፈውት ዞሩ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ሼህ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አልሐሰን ጣለ፣ ሙሳ ዘግይተው ጣሉ፣ ከዚያ ኢድሪስ ነፋ።